አባቴ የሚጠጣው ቀለም

ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት አባቴ የማተሚያውን ቀይ ቀለም ይጠጣ ነበር። ማንም የነገረኝ ነገር አይደለም፤ ራሴ ደርሼበት ነው። ያኔ ደግሞ ለማመን በቂ ምክንያት ነበረኝ።

ፎቶ ቤታችን ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ፊት ለፊት ነበረች። አንድ ክፍል ናት። በሩ ላይ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ኮምፒውተሩና ማተሚያው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ሰው ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት በርጩማ። ከማተሚያው ጎን የቀለም ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ማተሚያው ውስጥ ይገባል። ግሉኮስ የተተከለበት በሽተኛ ይመስለኝ ነበር።

ፊልም ማጠብ የቀረበት፣ ሰው ሁሉ ፎቶውን በሞባይልና በሜሞሪ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። አነጋገሩ ግን አልተለወጠም። የሚታጠብ ነገር ሳይኖር «ፎቶ ላሳጥብ ነው» ይላሉ።

አባቴን መርሻን ፒያሳ የሚያውቀው የሰውን መልክ ሳያበላሽ በማተም ነው። «ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የኛን መልክ አያውቅም» ይል ነበር። «ጠይሙን አመድ ያስመስለዋል፤ ቀይ ዳማውን ብርቱካን ያደርገዋል። ስክሪን ብርሃን ነው፤ ወረቀት ቀለም ነው። ብቻቸውን አይስማሙም፤ መሃል የሚገባ ሰው ይፈልጋሉ።»

አዲስ ወረቀት ወይም አዲስ ቀለም በገዛ ቁጥር መጀመሪያ የሚያትመው የእናቴን ፎቶ ነበር። እናቴ ሰርክአዲስ ጠይም ናት። የታተመውን ይዞ ወደ በሩ ይወጣል፣ በቀን ብርሃን ያየዋል፣ ተመልሶ ከስክሪኑ ጋር ያስተያየዋል፣ ያስተካክላል፣ ደግሞ ያትማል። «እሷ እሷን ከመሰለች ሌላው ሰው ሁሉ ይስተካከላል» ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት እኔን መጥራት ጀመረ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እናቴ ከቢሮ መጥታ እስክትወስደኝ ፎቶ ቤት ነው የምቆየው። አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና ወንበሬን ደፉ ላይ ያስቀምጥልኛል። በረደኝ ስለው «አየር ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ ፎቶ ያሳየኛል።

«እንቁ፣ የዚህ ሰውዬ ፊት ምን ይመስላል?»

«ቲማቲም።»

«በጣም ነው ወይስ ትንሽ?»

«በጣም።»

ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ሲነካካ ይቆያል። ማተሚያው እያጉረመረመ ሌላ ወረቀት ይተፋል።

«አሁንስ?»

«አሁን ያመመው ይመስላል። አረንጓዴ ሆኗል።»

ሳቄ ይመጣል፤ እሱ ግን አይስቅም። ደግሞ ያትማል። በመጨረሻ «አሁን ሰው ነው» ስለው ትከሻው ዝቅ ይልና «ጎበዝ» ይለኛል። «ለእማዬ ግን አትንገሪ። የኔና ያንቺ ነው።»

ሥራ እያስተማረኝ መሰለኝ። ለክፍሌ ልጆች ሳድግ ፎቶ ቤቱ የኔ እንደሆነ አወራሁ። አሁን ሳስበው ግን አስተማሪ የሚጠይቀው መልሱን እያወቀ ነው። አባቴ መልሱን አያውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ጉንጬን መሳም ተወ። እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ያልፋል። ቤታችን አፍንጮ በር ነበር፤ ሳሎን ውስጥ መተኛት ጀመረ። ለእናቴ «ጀርባዬን አሞኛል፣ መሬቱ ይሻለኛል» አላት። ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይወጣል። «በእግሬ ልሂድ፣ ስፖርት ነው» ይላል። ስፖርት የሚሠራ ሰው ግን ሱሪው አይሰፋውም፤ የአባቴ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ወጥቶለት ነበር።

እናቴ ለዚህ ሁሉ የራሷን ትርጉም ሰጥታለች። አንድ ቀን በስልክ ለእህቷ «ሌላ ሰው ሳይኖረው አይቀርም» ስትል ሰማኋት። ሌላ ሰው ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም። አባቴ ብዙ ሰው ነበረው፤ ደንበኞቹ።

ቀለሙን ያወቅኩበት ሽንት ቤት ከፎቶ ቤቱ ኋላ፣ ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ነበር። ውሃ የጠፋ ዕለት አባቴ እንደወጣ ገባሁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ቀይ ነበር፤ ብርቱካን የቀላቀለ ቀይ፣ ልክ ቀለም ጠብ እንዳለበት ውሃ። በሩን ዘግቼ ወጣሁና በቀጥታ ወደ ማተሚያው ሄድኩ። ሌሎቹ ጠርሙሶች ከግማሽ በላይ ናቸው። ቀዩ ከታች ትንሽ ቀርቶታል፤ አባቴ ሲሞላው ደግሞ ገና በቅርብ አይቼዋለሁ። በዚያ ላይ አንድ ቅዳሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሆነ ነገር ሲውጥ ደርሼበታለሁ። ሲያየኝ አፉን ጠረገ።

ሁሉ ነገር ገጠመልኝ። አባቴ ቀለሙን ይጠጣል። ለዚህ ነው ፎቶዎቹ የሚበላሹት። ለዚህ ነው የሚከሳው፤ ቀለም ምግብ አይሆንም። ለዚህ ነው የማይስመኝ፤ ከንፈሩ ጉንጬን እንዳያቀልም ነው። ለምን እንደሚጠጣው ብቻ አላወቅኩም። ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር።

ከፎቶ ቤታችን ጀርባ ባለው መንደር እትዬ ሀኒፋ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ኢክራ ዓረብ አገር ለሥራ ከሄደች ቆይታለች፤ እኔ በስም እንጂ በመልክ አላውቃትም። አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተጥሎ አየሁ። አባቴ ለአንድ ደንበኛ «ኢክራ ትናንት ገባች እኮ» ሲለው ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። ማታ ደግሞ እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ። «ሳጥኑ ታሽጎ ነው የመጣው። እንዳይከፈት ተባለ። ነጭ እንደለበሰች ነው፤ ፊቷን እንኳ ለእናቷ አላሳዩም።»

ድንኳን፣ ነጭ ልብስ፣ የታሸገ ሳጥን፣ የተሸፈነ ፊት። ኢክራ አግብታለች ማለት ነው። ሳጥኑ የጥሎሽ ነው፤ ፊቷን የሸፈናት ዓይነ ርግብ ነው። ሙዚቃ አለመኖሩ ብቻ ደበረኝ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ እትዬ ሀኒፋ ፎቶ ቤት መጡ። ጥቁር ሻርፕ አድርገዋል። ሞባይላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለአባቴ አቀበሉት። እኔም ተንጠራርቼ አየሁ። አንዲት ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ፈገግ ብላለች፤ ከላይዋ ያለው አምፖል ፊቷን ቢጫ አልብሶታል።

«ሌላ የለኝም መርሻ። ከመሄዷ በፊት የተነሳችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመቷ» አሉ። «ፊቷን አላሳዩኝም። አንተ አሳየኝ።»

«አሳይዎታለሁ እትዬ» አለ አባቴ። «ትልቅ አድርጌ ነው የማትምልዎ።»

የመጀመሪያውን ለማየት ሲመጡ ፎቶውን አንስተው ብዙ ቆዩ። ቀይ ነበር፤ ምድጃ ላይ የተጠበሰ ፊት። «ይቺ ሌላ ሰው ናት» አሉና አስቀመጡት። አልተቆጡም። ለሁለተኛው ሲመጡ ወረቀቱ ግራጫና አረንጓዴ ነበር። እትዬ ሀኒፋ ባንኮኒውን ያዙ። «እንዲህ ሆና ከሆነስ ባላያት ይሻለኛል» አሉ። ሙሽራ አሳምሮ ማተም ያልቻለው አባቴ አሳፈረኝ።

በዚያው ቀን አንድ ጎረምሳ የሠርጉን ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ በትኖ «ሚዜዎቼን በርበሬ ቀባህልኝ አይደል፣ ፋዘር» ብሎት ወጣ። አባቴ አንድ በአንድ ሰበሰባቸው። ከዚያ የኢክራን ፎቶ ደግሞ አትሞ ጠራኝ።

«ይቺ ልጅ ፊቷ ምን ይመስላል?»

«አሁን ቀይም አይደለም፣ አረንጓዴም አይደለም።»

«ኢክራን ትመስላለች?»

«ኢክራን አላውቃትም እኮ አባዬ።»

ቀና ብሎ አየኝ። መልሱ ቀላል ነበር፤ ግን ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለቱን መዳፎቹን ዓይኖቹ ላይ ጭኖ ቆየ። ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጠራሉ፤ ከወርቅ ቤቱ የሚመጣው መብራት የታተሙት ወረቀቶች ላይ ያበራል። አባቴ እያለቀሰ እንደሆነ ያወቅኩት እጁን ሲያነሳ ነው።

ያን ምሽት ምስጢራችንን አወጣሁ። እናቴ ለነገ የምትለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ቀዩን ቀለም እየጠጣ ነው።»

«የምን ቀለም?»

«የማተሚያውን። ሽንቱ ቀይ ነው። ጠርሙሱም እያለቀ ነው። የፎቶውንም ቀለም እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ለዚያ ነው የማይስመኝ።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። «እንደ ደም ነው ወይስ እንደ ብርቱካን?» አለችኝ።

«እንደ ብርቱካን።»

የጨርቅ መቃጠል ሸተተኝ። እናቴ ካውያውን ነቅላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ከስቷል» አለች፤ ለኔ አይደለም። «እንዴት አላወቅኩም? ወንድሜ ላይ አይቼው የለም ወይ?» እኔ ጡት በምጠባበት ጊዜ የሞተ ወንድም ነበራት። ለወራት ያስታመመችው፣ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ያዋጠችው፣ ሽንቱን የደፋችው እሷ ናት። የሳንባ መድኃኒት ሽንት እንደሚያቀላ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ምሽት የመሰለኝ ወንድሟም ቀለም ጠጪ እንደነበረ ነው፤ ቀለም የሚጠጣ ሰው እንደሚሞትም ገባኝ።

በማግስቱ ቢሮ አልገባችም፤ እኔንም ትምህርት ቤት አልላከችኝም። እጄን ይዛ በእግር ወረድን። እትዬ ሀኒፋ ቀድመውን ደርሰው ባንኮኒው ጋ ቆመዋል። አባቴ ሌላ ፎቶ እያሳያቸው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው እናቴ፣ በሩ ላይ ቆማ።

ስለ ምን እንደምታወራ አልጠየቃትም። ፎቶውን አስቀመጠ። «ከክረምቱ» አለ።

«ሁለተኛህ ነው ማለት ነዋ። አምናም ስታስል ብርድ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ያን ጊዜ ሲሻለኝ አቋረጥኩት። ለዚህ ነው የባሰብኝ።»

«ልጄስ?»

«መተላለፉ ቆሟል እስኪሉኝ አላስጠጋኋትም ሰርኬ። እስካሁንም በር ላይ ነው የማስቀምጣት። ጠይቂያት።»

«እኔ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ…» አለችና ተወችው። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ወንድምሽን ስታስታምሚ ምን እንደሆንሽ አይቻለሁ። ደግሞ እዚህ ቢሰማ፣ አገጩን ይዤ ቀና በል የምለው ሰው ሁሉ…» እሱም አልጨረሰውም። እትዬ ሀኒፋ ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሲስቡት አየሁ።

እናቴ ወደ ባንኮኒው ሄዳ የተበላሹትን የኢክራ ፎቶዎች አነሳች፤ በአንድ እጇ ቀዩን፣ በሌላው አረንጓዴውን። ፊቱ ላይ ይዛለት፣ «መርሻ፣ ቀዩ የትኛው ነው?» አለችው።

አንዱን አየ። ሌላውን አየ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

«አይለይልኝም» አለ አባቴ። «ቀይ የሚባል ነገር ከዓይኔ ከጠፋ ቆየ። ሁሉም አፈር ነው።»

አባቴ ቀለም አልጠጣም ነበር። ከሚውጣቸው እንክብሎች አንዱ ሽንቱን ያቀላዋል፤ ሌላው የዓይኑን ነርቭ እየጎዳ ቀይና አረንጓዴን ወስዶበታል። ቀይ ለሱ እየደበዘዘ ሲሄድ እሱ እየጨመረ፣ ጠርሙሱን የጨረሰው ወረቀቱ ነው። ያን ቀን ግን ይህን የሚያስረዳኝ አልነበረም። የገባኝ አባቴ ሲጠይቀኝ የኖረው ጥያቄ ጨዋታ እንዳልነበረ ብቻ ነው።

እትዬ ሀኒፋ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ፎቶ የሚያትም ሌላ ቤት ፒያሳ ሞልቷል፤ የሳንባ በሽታ የሰማ ሰው ደግሞ ሲሮጥ ነው የሚታየው። እሳቸው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አሰሩ፣ ባንኮኒውን ዞረው ገቡ፣ በርጩማውን ስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

«ና ተቀመጥ» አሉት። «እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ ታደርጋለህ።»

«እትዬ፣ ሌላ ቦታ ቢወስዷት…»

«የትም ብወስዳት አያውቋትም። ተቀመጥ።»

አባቴ ተቀመጠ። መጀመሪያ የአምፖሉን ቢጫ አወጣላት። እትዬ ሀኒፋ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ይሄ ብርድ ሲመታት ነው። ትንሽ መልስላት።»

መለሰላት።

«አሁን ደግሞ አልቅሳ የመጣች ነው የምትመስለው። ቀንስ። አሁንም። በቃ።» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ግንባሯ ከጉንጯ ይጠቁራል። በኔ ነው የወጣችው።»

ሲታተም ደግሞ ሌላ ሆኖ ወጣ። አባቴ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጎ፣ የታተመውን ጎኑ አስደግፎ፣ «አሁን ይሄኛው ከዚያኛው በምን ይለያል?» ይላቸዋል። እሳቸው ይነግሩታል፤ እሱ ያንቀሳቅሳል። እጁ ሥራውን አልረሳም። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሰው መልክ ሲያወጣ ማየት እኔን ደስ አሰኘኝ።

«እትዬ ሀኒፋ፣ ሙሽራዋ ፎቶዋን ለማየት መቼ ነው የምትመጣው?» አልኩ።

አባቴ እጁን አቆመ።

«የቷ ሙሽራ?» አሉ እትዬ ሀኒፋ።

«ኢክራ።»

ወደኔ አልዞሩም። «የኔ ልጅ፣ ኢክራ ሞታለች። ኮልፌ ቀብረናታል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። ከዚያ ለአባቴ፣ «ትንሽ ብርሃን ጨምርላት» አሉት።

እናቴ መጥታ ራሴን ከሆዷ ጋር አጣበቀችው። ከዚያ በኋላ የማተሚያውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ወረቀቱ ሲወጣ እትዬ ሀኒፋ ጠርዙን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። የቀን ብርሃን ላይ አዙረው አዩት። አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ አደረጉት።

«እሷ ናት» አሉ።

ደፉ ላይ፣ ወንበሬ አጠገብ ተቀመጡ። ፎቶውን እንዳይታጠፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እንባቸው እንዳይነካው ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው አለቀሱ። ከወርቅ ቤቱ ዘበኛው ብቅ ብሎ አየ። መንገደኛው ዞር ብሎላቸው ያልፋል። አባቴ ከውስጥ አልወጣም። ስክሪኑ ላይ የቀረችውን ልጅ እያየ ተቀምጧል፤ ምን ትመስለው እንደነበር አላውቅም።

እናቴ ፎቶ ቤቱን ቆለፈች። ከዚያው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድን። ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ አባቴ ከኛ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትቶ ተቀመጠ። እናቴ ተጠጋችው። እሱ ሸሸ፤ እሷ ደግሞ ተጠጋች፤ አግዳሚው አለቀበት።

ነርሷ ወጣት ናት። በቀለም ነጠብጣብ ቁጥር የተሠራባቸው ካርዶች እያሳየች ጠየቀችው፤ አንዱንም አልለየም። ካርዶቹን ስታስቀምጥ ፊቷ ተለወጠ።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«ከመስከረም ወዲህ።»

«ከቅዳሜና እሁድ በቀር በየቀኑ እዚህ ፊቴ ቆመህ ትውጣለህ እኮ። ለምን አልነገርከኝም?»

«መድኃኒቱን ታቆሙብኛላችሁ ብዬ ነው» አለ አባቴ። «አምና አቁሜው ልሞት ነበር።»

ነርሷ ወደ እናቴ አየች፣ ወደኔ አየች። «አንዷን ብቻ ነበር የማወጣልህ» አለችው ቀስ ብላ። «አንዷን እንክብል። ሌሎቹ ይቀጥሉ ነበር።»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። እናቴ «አሁንስ ይመለሳል?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ «ቶሎ ሲደረስበት ይመለሳል» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

እንክብሏን በዚያው ቀን አወጡለት። ያንን ዓመት ሙሉ ጠበቅን። ሳንባው ዳነ። ዓይኑ ፊደል ያነባል፣ መንገድ ይሻገራል፤ ቀይ ግን አልተመለሰለትም። እትዬ ሀኒፋ ለማንም አልተናገሩም፤ ደንበኛው የሸሸው በሽታውን ሰምቶ ሳይሆን ፎቶው ስለተበላሸበት ነበር። ፎቶ ቤቷን ለቀቅን። አባቴ ስድስት ኪሎ፣ ተማሪዎች ዘንድ፣ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ጀመረ፤ ጥቁርና ነጭ። በጥሩ ሁኔታ አሳደገኝ። ደስ ብሎት ሲሠራ ግን አላየሁትም። ያ የፒያሳ ሕንፃ ዛሬ ፈርሶ መንገድ ሆኗል።

ባለፈው ዓመት ሰብሰብ ብለን በተቀመጥንበት ጠየቅኩት። እንዴት አስቻለህ አልኩት፤ ዓይንህ እየሄደ፣ ሥራህ እየሄደ፣ ያችን እንክብል በየጠዋቱ ቆመህ መዋጥ።

«ከዓይኔና ከናንተ አንዱን ምረጥ የተባልኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ምርጫው አልከበደኝም። ሁለቱንም ይዤ መቅረት እንደምችል ነው ያላወቅኩት።»

እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆይታ ነው የተመለሰችው።